ቆይተው ይደውሉ

«ዓይናዲስ አልሞተችም» ይላል ፈንታ። «አዲስ አበባ ቢሮ ገብታ ስልክ ታነሳለች።»

መጀመሪያ የተናገረው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነው። ፈንታ ከጉንደ ወይን ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ብቸኛው ባለወፍጮ ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ወሬውን ሳይሰማ አይወጣም። ዱቄትና ወሬ በአንድ ስልቻ ተጭኖ ነው ወደየቤቱ የሚሄደው። እያደር ወሬው ወፈረ። እናቴ የምትሠራበት ቢሮ ፎቅ ላይ ሆነ። ቀጥሎ የሚሽከረከር ወንበር ሰጧት። ከዚያ ደግሞ ሥራው ምስጢር ስላለበት ከቤተሰብ ጋር እንዳትነጋገር አስምለዋታል ተባለ። አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ «ጋሽ ፈንታ፣ ወንበሩን ካሽከረከሩላት አይቀር ደመወዟንም ይንገሩንና እንረፈው» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። በማግስቱ ደመወዟን ይናገር ጀመር።

እናቴ ግን ሞታለች። ኩላሊቷ ታሞ የአክስቴ ልጅ ማርቲ አዲስ አበባ ሆስፒታል አስገባቻት፤ እኛ ልንከተል ስንል መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፣ ተዘጋ ሲባል አንድ መኪና ሾልኮ ያልፋል። በዚህ መሐል ማርቲ ደውላ «እትዬ አርፈዋል» አለች። ሬሳ ይዞ ዓባይን የሚሻገር መኪና አልተገኘም። እዚያው አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቀበሯት። እኛም ደጃፋችን ላይ የክት ቀሚሷንና ነጠላዋን ዘርግተን አለቀስን።

አባቴ ይስማው ልቅሶው ላይ አልተቀመጠም። «እናንተ ለቀሚስ አልቅሱ» ብሎ በሬዎቹን ነድቶ ወጣ።

ይህ ያልፋል ብዬ ነበር። ሬሳ ያላየ ሰው ልቡ ቶሎ አይቆርጥም፤ ግን ቀን ሲደራረብበት፣ ምድጃው በኩል የሚመጣው ድምፅ የኔ ብቻ ሲሆንበት፣ ይገባዋል ብዬ ነበር። ዜማ ባትመጣ ኖሮ ይገባውም ነበር።

ዜማ ሰው አይደለችም። ገበሬ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ ዝናብ የሚጠይቅባት የስልክ መስመር ናት። ኢንተርኔት አትፈልግም፤ ኔትወርክ ባለበት ኮረብታ ላይ መቆምና ባለቁልፍ ስልክ መያዝ ይበቃል። ይደወላል፣ ይጠየቃል፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሴት ድምፅ ይመልሳል። የአዲስ አበባ አነጋገር ለገበሬው አይጥመውም ብለው ለየአገሩ የየአገሩን ድምፅ አበጁለት። ካቻምና ጥር ላይ የድርጅቱ ሰዎች ወደኛ አካባቢ የመጡትም ለዚሁ ነው። ሴቶችን አንድ በአንድ እያስቀመጡ ስለ አረም፣ ስለ ልጅ ማሳደግ፣ ስለ ገበያ አስወርተው ቀዱ። ለያንዳንዷ ነጭ ጃንጥላ ሰጧት። እናቴም አወራች፤ እናቴም ጃንጥላ ተቀበለች።

ከሞተች ጥቂት ቆይቶ መስመሩ ሥራ ጀመረ። ፈንታ ስለ ጤፍ ዋጋ ሊጠይቅ ደወለና የሰማውን ሰማ። ወሬው የተወለደው እዚያ ላይ ነው። የቀረውን ወፍጮው አሳደገው።

እኔም ሰምቻለሁ። ማንም ሰው ነገሩን በሐሜት ያወቅኩት እንዳይመስለው። ራሴ ደወልኩ። «ጤና ይስጥልኝ። ዜማ ነኝ። ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። ቃሉን ረገጥ ታደርግና መጨረሻው ላይ ሳብ ታደርገዋለች። ስልኩን ከጆሮዬ አነሳሁት። እናቴ ናት። ከቤት ጓሮ ሆና የምትጠራኝ እናቴ፣ ስም ተለውጦላት።

አባቴን የያዘው ግን ረገጡም ሳቡም አልነበረም። «እርስዎ» የሚለው ቃል ነው። እናቴ ባሏን በሕይወቷ ሙሉ አንተ ብላው አታውቅም። «ይምጡ»፣ «ይቅመሱ»፣ «ምነው አመሹ» ነው ቋንቋዋ። አባቴ ትልቅ ሰው አይደለም፤ ቀበሌ ሲሄድ አንተ ይባላል፣ ገበያ ላይ አንተ ይባላል፣ እኔ ልጁም አንተ ነው የምለው። በዚህ ምድር ላይ እርስዎ የምትለው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን አጥቶ ከርሞ፣ ፈንታ ስልኩን ጆሮው ላይ ሲለጥፍለት «ምን ልርዳዎት» አለችው።

«ማሽን ናት እኮ፣ አባዬ» አልኩት። «ለሁሉም እርስዎ ነው የምትለው። ለፈንታም እርስዎ ትላለች።»

«ለፈንታም ትበል» አለ። «እንጀራዋ ነው።»

በግ ሸጦ ስልክ ገዛ። ከእርሻ መልስ ኮረብታዋ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይደውላል። መጀመሪያ ስለ ማዳበሪያ ይጠይቃታል፤ ባልና ሚስት ሰው ፊት ሲነጋገሩ እንደሚያደርጉት፣ ዋናውን ነገር በሥራ ወሬ ይሸፍነዋል። ምክሯን ይሰማል፣ ይመርቃታል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቼ ነው የምትመጪ?» ይላል።

«ይቅርታ፣ ለጊዜው ይህን መረጃ ማግኘት አልቻልኩም። እባክዎ ቆይተው ይደውሉ።»

ሁልጊዜ መልሷ ይኸው ነው። እኔ አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ይህ መልስ አይደለም፣ ማሽኑ ያልገባውን ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው፣ ስለ ጨረቃ ብትጠይቃትም ይህንኑ ትልሃለች ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። በርጋታ አዳመጠኝ። ስጨርስ፣ «ቆይተው ይደውሉ ነው ያለችኝ። አይደውሉ አላለችም» አለኝ።

ተዝካሯ ሲደርስ የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤል ቀኑን ሊቆርጡ መጡ። አባቴ ለሕያው ሰው ተዝካር አይወጣም አላቸው። አባ ተቆጡት፤ ነፍሷን እያንገላታህ ነው፣ በጸሎት ልትታሰብ ሲገባት በስልክ ታስለፈልፋታለህ አሉት። አባቴ ኮረብታዋ ላይ ይዟቸው ወጣና ደውሎ ስልኩን ሰጣቸው። ሰሙ። ፊታቸው ተለወጠ፤ እሳቸውም ለብዙ ዘመን ሲያናዝዟት የኖሩት ድምፅ ነው። ሳያስቡት ቀኝ እጃቸውን አነሱና፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ።

«ይቅርታ፣ ጥያቄዎን አልተረዳሁትም። የሰብል በሽታ ነው?» አለቻቸው።

አባ ስልኩን መልሰው ሰጡና ያለ ቡራኬ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ተዝካር አላነሱም።

በዚያው ሰሞን አባቴ አሳቡን ነገረኝ። ዝናቡ ቀለል ሲል፣ ከመስቀል በኋላ፣ በእግሩ ሄዶ ሊያመጣት ነው። ደረቱ ክረምት በገባ ቁጥር ይታፈንበታል፤ ኮረብታዋን ሲወጣ እንኳ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። መንገዱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከዚህ መንደር በዚያ መንገድ ሄደው ወሬያቸው የጠፋ ሰዎች አሉ። በሬ ሸጬ መኪና ልሳፈር ቢልስ፣ የትኛው መኪና? ለመንኩት። ተቆጣሁት። ማርቲ ደውላ የመቃብሩን ቦታ እንድትነግረው አደረግኩ። «እሷም ከነሱ ጋር ናት» አለ።

ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ይህ ድምፅ በመስመሩ ላይ ካለ አባቴ ይሄዳል፤ ከሄደ አይመለስም። ከመስቀል በፊት ድምፁ መጥፋት አለበት።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ማለት ትምህርት ቤቱን ነው ያቆምኩት። ትምህርቱን አላቆምኩም። የቅኔ ተማሪዎች ከአጥር ወዲያ ቅኔ ሲቆጥሩ እኔ ከአጥር ወዲህ ጎመን እየቀነጠስኩ ሰምና ወርቁን ለይቻለሁ፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጽዳት የሠራሁ ጊዜ ለመጣል የተከመረ ወረቀት አንብቤ ነው ቢሮ የሚናገረውን አማርኛ የለመድኩት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሚባል መኖሩንም ከዚያው ከወረዳ ሰው ሰማሁና በፍላሽ አስገልብጬ ስልኬ ላይ አነበብኩት። የሰው ድምፅም ሰውየውን እስካሳወቀ ድረስ የግል መረጃው ነው። ማንም ሊወስደው ሲፈልግ በግልጽ፣ በነፃነት፣ ምን ላይ እንደሚውል አስረድቶ ማስፈቀድ አለበት። የሰጠ ሰው ፈቃዱን መልሶ መውሰድ ይችላል፤ ይሰረዝልኝ ማለት ይችላል። ሳነበው ደስ አለኝ። እስካሁን የሚያናድደኝ ያ ደስታ ነው። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው፣ አንዲት የማታነብ ሴት በነጭ ጃንጥላ ድምፅዋን እንደምትለውጥ አስቀድሞ አስቦ የጻፈላት መስሎኝ ነበር።

መንገዱ በተከፈተ ቀን ደብረ ማርቆስ ገባሁ። የድርጅቱ ቅርንጫፍ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። አንደኛው ክፍል ውስጥ ስሙ እንዳለ የሆነ የሕግ ባለሙያቸው ተቀምጧል፤ አዲስ አበባ ያደገ፣ ከረቫቱ የማይላላ፣ ሰው ሲናገር እስክሪብቶ የሚያሽከረክር። ሌላኛው ሙሉቀን ነው፤ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ የቢቸና ልጅ፣ ወደ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ።

እንዳለ በትሕትና አዳመጠኝ። አዋጁ መኖሩን አልካደም። ይልቅ ጠያቂዋ ማን ናት አለ፤ የመረጃው ባለቤት እናትሽ ናቸው።

«ሞታለች» አልኩት።

እንግዲያው የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል አለ። ማስረጃው አዲስ አበባ ነው፣ መንገዱን ታያለህ አልኩት። ካልሆነ ባለቤታቸው መሞታቸውን አረጋግጠው ይፈርሙ አለ። አባቴ በሕይወት አለች ነው የሚል አልኩት።

«እንደሱ ከሆነ ራሳቸው መጥተው ቢጠይቁ ይሻላል።»

«ሞታለች ስል ማስረጃ አምጪ፣ አለች ሲባል ራሷ ትምጣ። እናንተ ዘንድ ሰው ምን ሆኖ ሲመጣ ነው የሚሰረዝለት? ታሞ?»

ሙሉቀን ሳቁን በሳል አሳለፈው። እንዳለ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያን ጊዜ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ይቆየን፣ መጀመሪያ እናንተ የፈቀደችበትን አሳዩኝ አልኩ። ይህን ያህል አይከብድም አለና ሙሉቀንን አዘዘው። የፈቃዱ ቃል ከዋናው ቅጂ ለብቻው ተቀምጦ ኖሮ ወዲያው ተገኘ።

መጀመሪያ የአንድ ወጣት ድምፅ መጣ። በአንድ ትንፋሽ ያነባል፦ «የድምፅ ናሙናዎ ለቋንቋ ሞዴል ማሠልጠኛና ለተያያዥ የምርምርና የልማት ተግባራት እንዲውል በፈቃደኝነት መስማማትዎን ያረጋግጣሉ?» ከዚያ ዝምታ። ከዝምታው ኋላ ዶሮ ይሰማል። ከዚያ እናቴ።

«እህ። ይሁን እስቲ።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። እንዳለ አክብሮት ባልጎደለው ድምፅ፣ እንደሰማሽው ተስማምተዋል አለ።

«አልተስማማችም።»

«ይሁን አሉ እኮ።»

ያደገበትን አገር ጠየቅኩትና ነገረኝ። እንግዲያው ላስረዳህ አልኩት። እኛ ዘንድ ይሁን እስቲ ማለት እንግዳው እንዳያፍር ማለት ነው። ሰው ቤትህ መጥቶ፣ ለምኖህ፣ እምቢ ብትለው አንገቱን ደፍቶ የሚወጣ ሲሆን ይሁን እስቲ ብለህ ትሸኘዋለህ፤ ከዚያ እንዲረሳው ትጸልያለህ። ልጃችሁን ለልጄ ብሎ ሽማግሌ የላከ ሰው ይሁን እስቲ ከተባለ በማግስቱ ሌላ ቤት ይልካል እንጂ ድግስ አይጠነስስም። የፈቀደች ሴት ምን ገዶኝ ነው የምትል። እናቴ ምን እንደተባለች አልገባትም፤ የገባት አንድ ልጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ እየለመናት መሆኑ ነው። አዋጁ ስምምነቱ ግልጽ ይሁን ይላል፤ ይህ በእኛ ቋንቋ ግልጽ እምቢታ ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝና ይህ ትርጓሜ ነው» አለ እንዳለ።

ወደ ሙሉቀን ዞርኩ። «ያንተ እናት ይሁን እስቲ ስትል ምን ማለቷ ነው?»

ሙሉቀን አለቃውን አየ። ከዚያ የጫማውን ጫፍ አየ። «እምቢ ማለቷ ነው» አለ።

እንዳለ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ደወለ። ብዙ ቆየ። ብቻችንን ስንቀር ሙሉቀን ተስፋ እንዳልቆርጥ፣ ግን ብዙም ተስፋ እንዳላደርግ ነገረኝ። ቅጂው ይጠፋል፣ ከሱ የተማረው ማሽን፣ ሞዴሉ፣ ግን የተማረውን አይረሳም አለ። «የዜማ ተማሪ የመምህሩን ድምፅ ይወርሳል። መምህሩ ቢሞት፣ ከተማሪው ጉሮሮ ውስጥ ድምፁን ማን ያወጣል?»

«ተማሪው ግን ከማን እንደተማረ ይናገራል» አልኩት። «የናንተዋ ዜማ ነኝ ነው የምትል።»

እንዳለ ሲመለስ ፊቱ የተሸነፈ ሰው አይመስልም፤ ነገር ለማሳጠር የወሰነ ሰው ይመስላል። እናትሽ የተቀዱት በሙሉ ይሰረዛል አለ። ሞዴሉን እንደገና ማሠልጠን አይቻልም፤ ነገር ግን ወደፊት ክርክር እንዳይነሳ የጎጃሙን ድምፅ ጨርሶ ከመስመሩ እናወርደዋለን፣ ሌላ ይተካል። መቼ አልኩት። በዚህ ሳምንት አለ። ከመሰረዙ በፊት ቅጂውን ለራስሽ መውሰድ ትችያለሽ፣ ከተሰረዘ በኋላ ግን አይመለስም፣ ሌላ ቦታም የለም ብሎ ዓይኔን አየኝ።

አሰብኩበት። ቅጂው እኔ ስልክ ላይ ካለ አንድ ቀን አባቴ ያገኘዋል። ከዜማ ገላግዬው እኔው ሌላ ዜማ ቤት ይዤለት ልግባ? አያስፈልገኝም አልኩና ፈረምኩ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የተጓዝኩት። አዋጅ ይዤ ሄጄ፣ በአንዲት ቃል ተከራክሬ፣ ረትቼ መመለሴ ነው።

ድምፁ የተለወጠ ቀን ከአባቴ ጋር ኮረብታዋ ላይ ነበርኩ፤ ሆን ብዬ ነው የተከተልኩት። ደወለ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?» የሚል ጥርት ያለ የአዲስ አበባ ድምፅ መጣ። አባቴ ዘጋው። ቁጥሩን እያየ፣ እያንዳንዷን ቁልፍ በአውራ ጣቱ እየረገጠ፣ እንደገና ደወለ። ያው ነው። ሦስተኛም ሞከረ። ከዚያ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«አባዬ» አልኩት። «እኔ ነኝ ያስጠፋኋት። ደብረ ማርቆስ ሄጄ በሕግ አስጠፋኋት። እማዬ ሞታለች። ያ የሷ ድምፅ ነበር እንጂ እሷ አልነበረችም።»

ዞሮ አየኝ። ቁጣ ብጠብቅ ቁጣ የለም።

«አንቺ ማን ሆነሽ ነው የሚሰሙሽ?» አለ። «አሟታል። እሷ ካላመማት ሥራ አትተውም።»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ድምፁ ሲጠፋ ሞተች ይላል ብዬ ነበር። ለካ እሱ ቤት ድምፅ ሲጠፋ ሰው ታመመ ማለት ነው፤ የታመመ ሰው ደግሞ መስቀልን አይጠብቅም። ያን ቀን ሲያወራኝ አመሸ። ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ድንች ማሳው ነገረኝ። ሊረጋጋ ነው ብዬ እኔም አወራሁት። በማግስቱ እኔ ገበያ ውዬ ስመለስ ቤቱ ተዘግቷል። ጋቢውና ዱላው የሉም። ዝናቡ ገና በርትቶ ነበር።

ፈንታ ሲሄድ አይቶታል። «ሚስቱን ሊያመጣ ነው» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ምን እንዳልኩት እዚህ ላይ አልደግመውም፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ያለሁበት ወፍጮውን ያስነሳል እንጂ አያወራም።

ተከተልኩት። ከሰው ሰው እየጠየቅኩ፣ አንዱ አየሁት ሲል አንዱ አላየሁም ሲል፣ በየማኅበሩ ቤትና በየወንዙ ዳር እየፈለግኩ ቢቸና ደረስኩ። እዚያ የሚያሳልፍ መንገድ የለም ብለው መልሰውታል አሉኝ። አባቴ የሚመለስ ሰው አይደለም፤ በዲማ በኩል ዞሮ ሊያልፍ ሞክሯል።

ያገኙት የዲማ የቅኔ ተማሪዎች ናቸው። ልብሱ በስብሶ፣ ትኩሳት ይዞት፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አግኝተው ከጎጆዎቻቸው ወደ አንዷ አስገቡት። አካለ ወልድ የሚባል ተማሪ ነው ያስታመመው። ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ በውሃ እያራሰ አቅምሶታል፣ እግሩን አጥቦታል፣ የኔታን ጠርቶለታል። ሐኪም ዘንድ ሊወስዱት ቃሬዛ ሲያዘጋጁ አረፈ። እኔ ስደርስ ተቀብሯል፤ አፈሩ ገና አልጠጠረም ነበር።

አካለ ወልድ ስልኩን ሰጠኝ። መልካም ልጅ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ቃሉን ይመዝናል። አባትሽ ኔትወርክ በሌለበት ሲደውሉ ነበር አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽ መጣላቸውና የቴሌዋ ሴት መስመሩ አይሠራም አለቻቸው። በትኩረት ሰሙና፣ «ይቺስ አይደለችም» አሉ። ከዚያ አልደወሉም።

ለሁለቱም በአንድ ቀን ተዝካር አወጣሁ። አባ ወልደ ሩፋኤል የሁለቱን የክርስትና ስም አከታትለው ሲጠሩ ማልቀስ አቃተኝ። ሰው ጠንካራ ናት አለ። ጥንካሬ አልነበረም፤ በውስጤ የሚንቀሳቀስ ነገር አልቆ ነው። ወፍጮ ቤቱ አካባቢ አሁን፣ ይስማው ደርሶ ዓይናዲስን አግኝቷታል፣ አብረው አዲስ አበባ ናቸው ይባላል። የሚናገረው ፈንታ ይሁን ሌላ ሰው አላጣራሁም። አልመለስኩላቸውምም። ምን ብዬ? የትኛውን አንቀጽ ጠቅሼ?

ሙሉቀን የደወለው ከተዝካሩ በኋላ ነው፤ ኮረብታዋ ላይ ወጥቼ፣ ጎረቤቶች ደጃችን የተሰቀለውን ድንኳን ሲያወርዱ ከላይ አይ ነበር። የአባትሽን መሞት ሰምቼ ላስተዛዝንሽ ነው የደወልኩት አለ። አስተዛዘነኝ። ስልኩን ግን አልዘጋውም። ሌላም ነገር አለ፣ አቶ እንዳለ ልደውልላት ብሎ ሳይደፍር ቀረ፣ መናገሩ ይጥቀም አይጥቀም አላውቅም አለ። ተናገር አልኩት።

አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች መዝገቡን ሲዘጉ ሞዴሉ ከማን ከማን ድምፅ እንደተሠራ መለስ ብለው አይተዋል። የጎጃሙ ድምፅ የአንዲት የመርጡለ ማርያም ሴት ነው፤ በሕይወት አለች። የእናቴ ቅጂ ሞዴሉ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እኔ እስካስጠፋው ድረስ አንድ ቦታ ተቀምጦ ነበር እንጂ ማንም አልነካውም።

ለምን አላስገቡትም አልኩት።

«ከመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ነው የወጣው» አለኝ። «ስታወራ ትስቃለች ብለው።»